እንቁራሪት በጋውን እንዴት ትገፋለች? በጎጃም ሳይጎዱ የመፈለግና የመከታተል መመሪያ

ሰኔ ግም ሲል የጎጃም ኩሬ፣ ቦይና ረግረግ በአንድ ሌሊት በጩኸት ይሞላል። ጥር ላይ ያው ኩሬ ደርቆ፣ መረሬው ተሰነጣጥቆ፣ አንዲት እንቁራሪት አትታይበትም። ይህን ያየ ሰው እንቁራሪቶቹ በበጋ ሞተው ያለቁ፣ በክረምት ደግሞ ከዝናቡ ጋር የወረዱ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን አብዛኞቹ ከጮኹበት ቦታ ብዙም ሳይርቁ፣ በአፈር ስንጥቅ፣ በድንጋይ ሥር፣ በጭቃ ወይም በሣር ሥር ተሸሽገው፣ ውሃቸውንና ስባቸውን እየቆጠቡ በጋውን መግፋታቸው ነው።

ይህ መመሪያ ለትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበቦች፣ ለባዮሎጂ ተማሪዎች፣ ለአስጎብኚዎችና በማሳው ዳር ያለውን ፍጥረት ማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ነው። ከመሣሪያም ከዘዴም የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ ወደ ማንኛዋም እንቁራሪት ከመቅረባችሁ በፊት "አሁን ምን እየቆጠበች ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በክረምት የምትቆጥበው ጊዜ ነው፤ ኩሬው ሳይደርቅ ልጆቿ እግር ማውጣት አለባቸው። በበጋ የምትቆጥበው ውሃ ነው። በጮቄ ተራራ አናት ላይ ደግሞ ሙቀት ነው። ልታደርጉት ያሰባችሁት ነገር ያን የሚያስወጣት ከሆነ ተዉት።

ቆዳዋ ምን እንደሚሠራ

እንቁራሪት በአፏ ውሃ አትጠጣም። ከሆዷ ግርጌና ከጭኗ ሥር ያለው ስስ ቆዳ ከእርጥብ አፈር ውሃ ይመጥላታል። በዚሁ ቆዳ ኦክስጅንም ታስገባለች፤ ለዚህ ደግሞ ቆዳው ዘወትር እርጥብ መሆን አለበት። አየር የሚያስገባ ቆዳ ግን ውሃም ያስወጣል። ነፋስ ባለበት የጥር ቀትር ሜዳ ላይ የቀረች ተራ እንቁራሪት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት የምትችለው ለዚህ ነው።

ጉርጥ በዚህ ረገድ የተሻለ ይቋቋማል። የሽንት ፊኛው ጎተራው ነው፤ በብዙ የየብስ ጉርጦች ከሰውነታቸው ክብደት ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚሆን ውሃ ይይዛል። ድርቅ ሲጠና ያ ውሃ ከፊኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። እንግዲህ በበጋ ከድንጋይ ሥር ያነሣችሁት ጉርጥ እጃችሁ ላይ ቢሸና፣ የፈሰሰው እስከ ግንቦት ሊያደርሰው ያኖረው ውሃ ነው። ፈርቶ ነው የሚሸናው። በክረምት ወዲያው ይተካዋል፤ በየካቲት ግን የሚተካበት ቦታ የለውም። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ጉርጥም እንቁራሪትም በእጅ አይነሣም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለፎቶግራፍም ቢሆን።

በክረምት መያዝ ግድ ከሆነ እጃችሁን መጀመሪያ በዚያው ኩሬ ውሃ አርጥቡ። ሎሽን፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት ያለበት እጅ አይንካት፤ ቆዳዋ ውሃውን እንደሚመጥ ኬሚካሉንም ይመጣል። ዱቄት የሌለው ጓንት አርጥቦ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል። የኋላ እግሮቿን ገጥማችሁ ወገቧ ላይ ያዙ፤ በአንድ እግሯ አታንጠልጥሏት፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሳችሁ ካነሣችሁበት ቦታ መልሱ። ከጉርጥ ዓይን ኋላ ያሉት ሁለት እብጠቶች ወተት የመሰለ መርዝ ያወጣሉ። ጤነኛ ቆዳን አይጎዳም፤ ዓይንና አፍን ግን ክፉኛ ያቃጥላል። በአፉ የነከሰው ውሻ አረፋ የሚደፍቀውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከጉርጥ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ ዓይን ማሸት አይገባም።

መቼ እና የት

በኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከዚህ አገር በቀር በየትም አይገኙም። ጎጃም ለመከታተል የሚመች አገር የሆነው ከዓባይ በረሃ እስከ 4,000 ሜትር በሚያልፈው የጮቄ ተራራ ድረስ ያለው ከፍታ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ስለሚገኝ ነው። በጣና ዳር የሚገኙት የባሕር ዳር አካባቢ ረግረጎችና የዘጌ ዳርቻ፣ በሜጫ ያለው ቁርት ባሕር፣ በየመንደሩ ያሉ የከብት ማጠጫ ኩሬዎች፣ የመንገድ ዳር ቦዮች፣ ጠፍጣፋ የመረሬ ማሳዎችና የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሁሉ መነሻ ይሆናሉ። በዘንገናና ጥርባ ሐይቆች ጥልቁን ውሃ ተዉትና ዳር ዳሩን፣ ሣሩ ውሃ የሚነካበትን ጥግ ፈልጉ፤ ገደላማው ዳርቻ ለእንቁላል አይመችም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ትልቅ ሐይቅ ባይመርጥ ይሻለዋል። ዓሣ የሌለበት፣ ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍ፣ በበጋ የሚደርቅ ኩሬ ብዙ ያሳያል። ዓሣ እንቁላሉንም ግልገሉንም ስለሚበላ ብዙ እንቁራሪቶች ሆነ ብለው የሚደርቀውን ይመርጣሉ። በዚያ ከዓሣ ይድናሉ፤ ዋጋው ከፀሐይ ጋር መሽቀዳደም ነው።

ከግንቦት አጋማሽ ጀምራችሁ ዝናቡን ጠብቁ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምሽት ውጡ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ እየወረደ ሳለ አትድከሙ፤ የዝናቡ ድምፅ ጩኸቱን ይውጠዋል። አባርቶ ነፋሱ ጋብ ያለበት ሌሊት ይሻላል። ጥሩው ሰዓት ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ በደጋው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ዝም ስለሚሉ ቀደም ብላችሁ ውጡ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ሁለት ባትሪ (አንዱ የግንባር ቢሆን ይመረጣል)፣ ቀይ የፕላስቲክ ወረቀት፣ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ፣ ቴርሞሜትር፣ በሴንቲሜትር የተለካ ዱላ፣ ማስመሪያ፣ ነጭ ሳፋ፣ ረጅም እጀታ ያለው ወንፊት፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በዝናብ ይፈስሳል። ለድምፅ የእጅ ስልክ ይበቃል።

ቦቲው የጭቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጣና ዙሪያ የቢልሃርዚያ ትል በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ስለሚተላለፍ ባዶ እግርና ባዶ እጅ ውሃ ውስጥ መንከር አደገኛ ነው። ወንፊቱን 1.5 ሜትር በሚሆን እንጨት ላይ ማሰሩም ለዚሁ ነው።

ሌሊት በሰው ማሳ ዳር ባትሪ ይዞ የሚዞር ሰው ያጠራጥራል። ቀን ላይ የማሳውን ባለቤት አስፈቅዱ፤ ለቀበሌውም ንገሩ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነ አስተዳዳሪውን ጠይቁ። ጠበል ወዳለበት ምንጭ፣ ለምሳሌ ወደ ግሽ ዓባይ፣ ወንፊትም ሳፋም ይዞ መግባት አይታሰብም። ናሙና ለመሰብሰብ ያሰበ ደግሞ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቅ። ማየት፣ ማዳመጥና ፎቶግራፍ ማንሣት ለዚህ መመሪያ ይበቃሉ።

ጉማሬ ባለበት ዳርቻ

ይህን ከማዳመጡ በፊት ያስቀደምነው ሕይወት ስለሚነካ ነው። በጣናና በዓባይ መውጫ ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ያሳልፋል፤ ፀሐይ ላይ ቆዳው ቶሎ ይደርቃልና። ከቆዳው የሚመነጨው ፈሳሽ ወደ ቀይ፣ ቆይቶም ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይከላከልለታል፣ ባክቴሪያም እንዳይራባ ያደርጋል። ሲመሽ ሣር ፍለጋ ወደ የብስ ይወጣል። እንግዲህ እናንተ ለእንቁራሪት በምትወጡበት ሰዓት እሱም ይወጣል ማለት ነው። ሣሩ ተደፍጥጦ እንደ ቦይ የተቦረቦረ መንገድ፣ ትኩስ ፋንድያ ወይም ሰፊ ባለ አራት ጣት ዱካ ካያችሁ ቦታውን ለቃችሁ ሂዱ። ከሁሉ በላይ በጉማሬና በውሃው መካከል አትቁሙ፤ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለውን አያልፍም። በዚህ አካባቢ መንገዱን የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ ወይም ታንኳ ቀዛፊ አብሯችሁ ይሁን።

ማዳመጥ

ኩሬው ጋር 20 እርምጃ ሲቀራችሁ ባትሪውን አጥፉ። ዳር ላይ ደርሳችሁ አምስት ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ። የእግራችሁ ኮቴ ያስቆመው ጩኸት የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ትዕግሥት አጥቶ በሁለተኛው ደቂቃ "እዚህ ምንም የለም" ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ ሌላ አምስት ደቂቃ አዳምጡና ለእያንዳንዱ የድምፅ ዓይነት ከ0 እስከ 3 ቁጥር ስጡ። 0 ዝምታ ነው፤ 1 አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ያልተደራረበ ጩኸት፤ 2 እየተደራረበ ግን አሁንም ሊለይ የሚችል፤ 3 ማቋረጫ የሌለው፣ ሊቆጠር የማይችል ኅብረ ድምፅ። ራስ ብዛቱን መገመት አያስፈልግም፤ ግምት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ይህ ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት ሊነጻጸር ይችላል።

የሚጮኹት ወንዶቹ ናቸው። ጉርጥ ከዳር ተቀምጦ ረጅምና ወፍራም የሚንኳኳ ድምፅ ያወጣል። በቄጠማና በደንገል ላይ የሚወጡት ትናንሾቹ ሃይፐሮሊየሶች አጭር፣ ጥርት ያለ፣ ብረትማ ድምፅ አላቸው። ዜኖፐስ የሚባለው ጥፍራሙ የውሃ እንቁራሪት የሚጮኸው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ከዳር የቆመ ሰው አይሰማውም፤ እሱን በዓይን ነው የምትፈልጉት። በስልክ ስትቀዱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቅዱ፤ መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በድምፃችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ ዝም በሉ።

ካዳመጣችሁ በኋላ ባትሪውን ከዓይናችሁ አጠገብ፣ ከጆሮ ግንዳችሁ ጋር ትይዩ ይዛችሁ ዳር ዳሩን አብሩ። የእንቁራሪት ዓይን ብርሃኑን መልሶ ያንጸባርቃል። ባትሪው ወገብ ላይ ከሆነ ነጸብራቁ ወደ እናንተ ስለማይመለስ ምንም አታዩም። ትንሽ ሰማያዊ አረንጓዴ ብልጭታ ሸረሪት ነው፤ ሞላ ያለውና የማይብለጨለጨው የእንቁራሪት ነው። ስታገኟት ቀዩን ወረቀት ባትሪው ላይ አድርጋችሁ ቀረብ በሉ፤ በደማቅ ነጭ ብርሃን የደነዘዘች እንቁራሪት ለረጅም ጊዜ አጥርታ አታይም፤ ሌሊቱም የምትመገብበት ጊዜዋ ነው።

እንቁላሉንና ግልገሉን ከውሃው ማንበብ

በማግሥቱ ጠዋት ተመለሱ። ረጅም ክር ሆኖ በሣር ላይ የተጠመጠመ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ዝልግልግ ነገር የጉርጥ እንቁላል ነው። በውሃው ገጽ ላይ አንድ ረድፍ ሆኖ የተበተነው የሣር እንቁራሪቶቹ የቲካዴናዎች ነው። በውሃ ውስጥ ተክል ላይ አንድ በአንድ የተለጠፈው የዜኖፐስ ነው። ሌፕቶፔሊስ የሚባሉት እንቁራሪቶች ደግሞ ከውሃው ዳር አፈር ውስጥ ቀብረው ይጥላሉ፤ ግልገሎቹ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው እየተንፏቀቁ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። የኩሬውን ዳር አትርገጡ፣ ከብትም በአንድ በኩል ብቻ ገብቶ ይጠጣ የምንለው ስለዚህ ነው። ዳሩ በሙሉ ከተረገጠ የሌፕቶፔሊስ እንቁላል ማንም ሳያየው ያልቃል።

ጭራ ያላቸውን ግልገሎች ለማየት ነጩን ሳፋ በኩሬው ውሃ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ሙሉ። የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ፤ ክሎሪኑ ይገድላቸዋል። ጥቁርና ትናንሽ፣ በመንጋ የሚዋኙት የጉርጥ ናቸው። ሰውነታቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በአፋቸው ግራና ቀኝ ጢም የመሰሉ ሁለት ረጃጅም ክሮች ያሏቸው፣ ራሳቸውን ዘቅዝቀው የጭራቸውን ጫፍ ብቻ እያርገበገቡ የሚንሳፈፉት የዜኖፐስ ናቸው።

አሁን ሽቅድድሙን መለካት ይቻላል። በሴንቲሜትር የተለካውን ዱላ በኩሬው ጥልቅ ቦታ ትከሉና በየሦስት ቀኑ የውሃውን ከፍታና ሙቀት መዝግቡ፤ በዚያው ቀን አሥር ግልገሎችን በሳፋው ውስጥ ከማስመሪያ ጋር ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ርዝመታቸውንና እግር ማውጣታቸውን ጻፉ። መጀመሪያ የኋላ እግር፣ ቀጥሎ የፊት እግር ይወጣል፤ በመጨረሻ ጭራው ይመጠጣል። ውሃው ሲጎድል፣ ሲሞቅና ግልገሎቹ ሲጨናነቁ በአንጎላቸው የሚነሣው የጭንቀት ሆርሞን የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ያደርገዋል፤ እግር ማውጣቱም ይፋጠናል። ግን ያለ ዋጋ አይደለም፤ ቸኩላ የወጣች እንቁራሪት አካሏ ያንሳል፤ በጋውን የምትገፋበት ስብም ያንሳታል። ሁለት ኩሬ፣ አንዱ ቶሎ የሚደርቅ አንዱ የሚዘገይ፣ ጎን ለጎን የለካ ክበብ ይህን ልዩነት በገዛ ደብተሩ ላይ ያየዋል።

በክፍል ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ለማቆየት ከፈለጋችሁ ለ10 ሊትር ውሃ ከ5 ግልገል አይብለጥ። ዕቃው ጥላ ውስጥ ይሁን። ለአምስት ደቂቃ የተቀቀለ የሰላጣ ቅጠል፣ የጥፍር ያህል ብቻ ስጡ፤ የተረፈውን በማግሥቱ አውጡ። በየሁለት ቀኑ ከውሃው ሲሶውን በዚያው ኩሬ ውሃ ቀይሩ። አብዛኛው ሞት የሚመጣው ከርኅራኄ ነው፤ ብዙ ምግብ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይበዛል፣ ግልገሎቹ ወደ ላይ እየወጡ አየር ይጎነጫሉ፣ በማግሥቱ ይሞታሉ። ሲጎነጩ ካያችሁ ምግቡን አቁማችሁ ግማሹን ውሃ ወዲያው ቀይሩ። የዜኖፐስ ግልገል ግን ቅጠል አይበላም፤ ከውሃው ጥቃቅን አልጌ አጣርቶ ስለሚመገብ በዕቃ ለማሳደግ አትሞክሩ። የፊት እግር የወጣ ዕለት ከውሃው የሚወጣበት ዘንበል ያለ ድንጋይ አስገቡ። በዚያ ጊዜ መብላት ያቆማል፤ ጭራው ነው የሚመግበው፤ በሳንባ መተንፈስ ስለሚጀምርም መውጫ ካጣ ይሰምጣል። ሁሉንም ወደመጡበት ኩሬ መልሱ፤ ወደ ሌላ ኩሬ በፍጹም።

በጋ ሲገባ

ከኅዳር በኋላ ፍለጋው በዓይንና በቴርሞሜትር ብቻ ነው። መረሬ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ስንጥቅ በባትሪ ሲታይ ጉርጥ ከታች ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ከቤት ጀርባ ካለ የውሃ ማጠራቀሚያ ሥር፣ ከእንሥራ ማስቀመጫ ጥግ፣ ከሙዝ ወይም ከእንሰት ግንድ እርጥብ ቅጠል መካከልም ተመልከቱ። ድንጋይ ካነሣችሁ ወደ ራሳችሁ ገልብጡ፤ እባብ ቢኖር ከድንጋዩ በዚያ ማዶ ይቀራል። ካያችሁ በኋላ እንስሳውን ሳትነኩ ድንጋዩን ቀስ ብላችሁ ልክ እንደነበረው መልሱ። ከድንጋዩ ሥር ያለው እርጥበት የወራት ሥራ ነው፤ አንድ ቀትር ተገልብጦ ቢውል ይጠፋል። ለእንግዳ ለማሳየት ብሎ አፈር ቆፍሮ እንቁራሪት ማውጣት ጨርሶ የተከለከለ ይሁን። ቆፋሪው መልሶ የሚያለብሳት አፈር የላላና ደረቅ ነው፤ ውሃዋን ይመጥባታል።

ደረቅ አፈር ከአየሩ የማይተናነስ ጠላት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የደቡባዊ አፍሪካ ትልቁ እንቁራሪት ፒክሲሴፋለስ ከመሬት ሥር ሆኖ ቆዳውን ደጋግሞ ይገፍፍና ሳይጥለው በላዩ ላይ ያደርበዋል፤ አፍንጫው ብቻ ክፍት ይቀራል። በአውስትራሊያም ሳይክሎራና የሚባሉት ተመሳሳይ ሽፋን ይሠራሉ፤ ተቀብረው ሳሉ የኦክስጅን ፍጆታቸው እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል። በአፈርና በቆዳ መካከል ያ ሽፋን ባይኖር ኖሮ አፈሩ ራሱ ያደርቃቸው ነበር።

ሃይፐሮሊየሶች ተቃራኒውን መንገድ ይዘዋል። በምዕራብ አፍሪካ ሳቫና የተጠኑት ወጣቶች በጋውን የሚያሳልፉት በደረቀ አገዳ ላይ፣ ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነው። ቆዳቸው ውስጥ ጓኒን ከሚባል ውህድና ከመሰሎቹ የተሠሩ ክሪስታሎች ይደራረቡና አካላቸው ነጭ ሆኖ ብርሃኑን ይመልሳል። ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ሙቀትም ለአጭር ጊዜ ይችላሉ። ሽንት እንዳያባክኑ የናይትሮጅን ቆሻሻቸውን እንኳ ወደ እነዚያ ክሪስታሎች ለውጠው ቆዳቸው ውስጥ ያኖሩታል። በጣና ዳር ውሃው በበጋም ስለማይርቅ ያን ያህል አይቸገሩም፤ ቢሆንም በቀትር ቄጠማ ላይ እግሮቿን ከሥሯ አጥፋ፣ ሆዷን አጣብቃ የተቀመጠች ገርጣ ያለች ትንሽ እንቁራሪት ካያችሁ ከሁለት ሜትር አትቅረቡ። አቀማመጡ ራሱ ውሃ መቆጠቢያ ነው፤ አንድ ጊዜ ብትዘል ሆዷና ጭኖቿ ለነፋስ ይጋለጣሉ።

ይህን ያለ እንስሳ በስፖንጅ መፈተን

ከአንድ ትልቅ ስፖንጅ አምስት እኩል ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 10 በ5 በ2 ሴንቲሜትር ቁረጡ። ደረቁን መዝኑ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ አጠጡትና እንደገና በግራም ሚዛን መዝኑ። አንደኛው በሳህን ላይ ተዘርግቶ ፀሐይና ነፋስ ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛው እኩል ታጥፎ በክር ታስሮ አጠገቡ ይሁን። ሦስተኛው በደረቀ አፈር ውስጥ 30 ሴንቲሜትር ይቀበር። አራተኛው በዚያው ጥልቀት በእርጥብ አፈር ይቀበር። አምስተኛው በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በመርፌ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀርቶለት ከሦስተኛው ጎን በደረቅ አፈር ይቀበር።

ከአራት ሰዓት በኋላ አውጡና አፈሩን በብሩሽ አራግፋችሁ መዝኑ። የታጠፈው ከተዘረጋው ያነሰ ውሃ ያጣል፤ ለነፋስ የተጋለጠው ገጽ አንሷልና። ተማሪዎችን የሚያስገርመው ሦስተኛው ነው፤ ከፀሐይ ተሸሽጎም ቢሆን ደረቁ አፈር ውሃውን ይስበዋል። አምስተኛው እዚያው አፈር ውስጥ ሆኖ ውሃው እንዳለ ነው ማለት ይቻላል፤ የፒክሲሴፋለስ ሽፋን ጥቅሙ ይኸው ነው። አራተኛው ክብደት ጨምሮ ሊወጣ ይችላል፤ እንቁራሪትም ከእርጥብ አፈር የምትጠጣው እንዲሁ ነው። ውጤቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ነው፤ አፈሩ ሳይራገፍ ይመዘናል፣ ወይም "ደረቅ" የተባለው አፈር ከሥር እርጥበት ይዟል። አፈሩን ቀድማችሁ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት።

በዚያው ቀን ቴርሞሜትሩን በገጽ ላይ፣ በ10 እና በ30 ሴንቲሜትር ጥልቀት በንጋትና በ8 ሰዓት ቀን አንብቡ። ከላይ ያለው ሲዋዥቅ ከታች ያለው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ጮቄ ላይ በበጋ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ እንቁራሪቶቹ ከጓሳው ሥርና ከድንጋዩ በታች የሚያገኙት ይህንኑ ነው። ቅዝቃዜውን አይጋፈጡም፤ ይሸሹታል። በሰሜን አሜሪካ ያለችው የደን እንቁራሪት ግን ትጋፈጣለች፤ ከሰውነቷ ውሃ እስከ 65 በመቶ የሚሆነው በረዶ ይሆናል፣ ልቧ ይቆማል። ጉበቷ በብዛት የሚለቀው ግሉኮስ ሴሎቿ ውስጥ ያለውን ውሃ ከበረዶ ይጠብቅላታል፤ በፀደይ ሲሟሟ ልቧ እንደገና ይመታል። የጮቄ እንቁራሪት ይህ ችሎታ እንዳላት አይታወቅም። ጓሳው ለሣር ቤት ክዳን ወይም ለግጦሽ ከሥሩ ተጠርጎ ሲወሰድ ብርዱን የምትሸሽበት ቦታ ታጣለች።

ከውሃው ጋር የሚሄደው በሽታ

ኪትሪድ የሚባለው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። በቆዳቸው ጠንካራ ንብርብር ላይ ይራባል፤ ጨውና ውሃ የሚያልፍበትን ቆዳ ሲያበላሸው በደም ውስጥ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ይወርዳል፣ በመጨረሻ ልብ ይቆማል። በእርጥብ ቦቲና በወንፊት ከኩሬ ወደ ኩሬ ይሄዳል። በጣና ዳር ከሆናችሁ ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭ በአንዲት ቁራጭ ይዛመታል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ኩሬ በኋላ ቅጠልና ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፤ ጭቃ ካለ በረኪናው ኃይሉን በጭቃው ላይ ይጨርሳል። ቀጥሎ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ ቀላቅላችሁ ቦቲውንና ወንፊቱን ለአምስት ደቂቃ አርጥቡ፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ ፈጽሞ እስኪደርቅ አስጡ። ፈንገሱ ድርቀትን አይችልም፤ እርጥብ ሆኖ በከረጢት የታሰረ ቦቲ ግን ያቆየዋል። ውህዱ በየዕለቱ አዲስ ይሁን። ይህን ሁሉ ከውሃው ቢያንስ 50 ሜትር ርቃችሁ ሥሩ፤ በረኪና ኩሬ ውስጥ ከገባ ግልገሉን ይጨርሳል። በዚያው ምክንያት የአረም መድኃኒት መርጫውን በኩሬው ውስጥ የሚያጥብ ገበሬ ካያችሁ በትሕትና አስረዱት።

አምባዛ

የደረቀ ኩሬ ስትጎበኙ በጭቃው ውስጥ አምባዛ ብታገኙ አትደነቁ። ከጉሮሮው በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ኦክስጅን ባለቀበት ጭቃ ይቆያል፤ በእርጥብ ሌሊትም በክንፎቹ እየተደገፈ አጭር መንገድ በየብስ ይሳባል። በነጭ ዓባይ ተፋሰስ ያለው ሳንባ ያለው ዓሣ ከዚህም አልፎ ጭቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ጣና ግን አይገኝም። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው ጢስ ዓባይ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ያግዳል።

የመጨረሻው ሥራ፦ መመዝገብ

በእያንዳንዱ ጉብኝት ቀኑን በዓመተ ምሕረት፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስምና ከፍታ፣ የአየሩንና የውሃውን ሙቀት፣ ዝናብ የጣለው ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ፣ የድምፁን ቁጥር፣ እንቁላልና ግልገል መኖሩን ጻፉ። ምንም ያልተሰማበትን ሌሊት "0" ብላችሁ መዝግቡ፤ ባዶ አትተዉት። ዝርያውን ለማስለየት ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል የምትወስዱት ፎቶግራፍ አራት ዓይነት ይሁን፤ ከላይ ጀርባዋን፣ ከጎን ዓይኗንና የጆሮዋን ታምቡር፣ ጉሮሮዋንና ሆዷን፣ እንዲሁም የኋላ እግር ጣቶቿ መካከል ያለውን ስስ ቆዳ። ሆዷን ለማንሣት መገልበጥ አያስፈልግም፤ በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ከሥር አንሡት። ማስመሪያው ከዕቃው ጎን ይታይ፤ ርዝመቷ የሚለካው ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ መቀመጫዋ ነው፤ እግር አይቆጠርም።